በአንኮበር በር ላይ፤ የመግቢያና የመውጫ ፈቃድ ታሪክ በሸዋ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ዛሬ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ጎረቤላ ይደርሳል። ደጋው በዚያ ያልቃል፤ ጭጋጉ የተገለጠ ዕለት ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ወደ ታች የሚመለከት ሰው የዓልዩ አምባን ቈላ፣ ከዚያም ወዲያ ወደ አፋር የሚዘልቀውን ሜዳ ያያል። ባለፈው ዓመት በዚሁ አፋፍ ላይ ከአንድ ወዳጄ ከሆነ ነጋዴ ጋራ ቆሜ ነበር። ሰውየው ለንግድ ጉዳይ ወደ ቻይና አገር ወደ ጓንጁ ከተማ ለመሄድ ቪዛ ይጠይቅ ስለ ነበረ፣ ፓስፖርቱን፣ የንግድ ፈቃዱን፣ የባንክ ሒሳቡን መግለጫና ከዚያ የተላከለትን የግብዣ ደብዳቤ በአንድ ማኅደር አድርጎ በብብቱ ይዞ ነበር። «ጋሼ፣ ወደ ሰው አገር ለመግባት ይህን ያህል ወረቀት የተጠየቀ ሰው ከእኔ በፊት ኖሮ ያውቃል?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ በእጄ ወደ ታች ወደ ዓልዩ አምባ አመለከትሁት። ይህ ጽሑፍ የዚያን ዕለት ጨዋታችንን አስፋፍቶ የሚናገር ነው።

እንደሚታወቀው፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ሸዋን ሲገዙ አንኮበር ከመንግሥታቸው ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ነበረች። ከባሕር የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ከታጁራ ተነሥቶ የአፋርን በረሃ በብዙ ሳምንት ካቋረጠ በኋላ በመጀመሪያ ፋሬ ከሚባለው ስፍራ ይደርሳል፤ ከዚያም ወደ ዓልዩ አምባ ይወጣል። በዓልዩ አምባ ዓርብ ዓርብ ትልቅ ገበያ ይቆም ስለ ነበረ የሐረር ነጋዴዎች፣ አርጎባዎች፣ አፋሮችና ደገኞች በዚያ ይገናኙ ነበር። ነገር ግን ከዓልዩ አምባ ወደ አንኮበር የሚያወጣው አቀበት፣ በእግር ለሚሄድ ሰው የግማሽ ቀን መንገድ ቢሆንም፣ ለእንግዳ ሰው ከበረሃው ሁሉ የረዘመ ይሆንበት ነበር። ያለ ንጉሡ ቃል የሚወጣ አልነበረምና። ይህንን በር ይጠብቁ የነበሩት የወሰኑ ገዥ ወላስማ መሐመድ ነበሩ። ማዕርጋቸው ከጥንቱ ከይፋት ነገሥታት ስም የወረደ ሲሆን፣ እስላም ሆነው ሳሉ የክርስቲያኑ ንጉሥ በር ጠባቂ መሆናቸው የዚያን ዘመን የሸዋን አስተዳደር ጥበብ ያሳያል። የንጉሡ ዘመዶች ታስረው የሚኖሩበት የጎንጮ አምባም በእርሳቸው እጅ ነበረ። ስለዚህ በሩን የሚጠብቀውና እስር ቤቱን የሚጠብቀው አንድ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ የውጭ አገር ሰዎችም ይህን ነገር ሳያስተውሉት አልቀሩም።

እንግዳው ምን ይዞ መምጣት ይገባው ነበር? ከሁሉ አስቀድሞ የላከውን መንግሥት ወይም የታወቀ ሰው ደብዳቤ መያዝ ነበረበት። ደብዳቤውን የሚያነብለትና የሚተረጕምለት አስተርጓሚም ያስፈልገው ነበር። እጅ መንሻ ሳይዝ ወደ ንጉሥ ፊት መቅረብ ነውር መሆኑን ማንም አይስተውም። ፈቃድ ካገኘ በኋላ ደግሞ ባልደራባ ይሰጠው ነበር፤ ይኸውም የእንግዳውን ጉዳይ ወደ ንጉሡ የሚያቀርብለት፣ የንጉሡን ቃል ወደ እርሱ የሚያመጣለት፣ ጥፋት ቢገኝበትም አብሮ የሚጠየቅለት ሰው ማለት ነው። ዛሬ በቪዛ ማመልከቻ ላይ «የሚጋብዝዎ ሰው ወይም ድርጅት ስም» የሚለውን መስመር የሚሞላ ሁሉ፣ ሳያውቀው ባልደራባውን እየጠራ ነው። ከዚህም በላይ እንግዳው እስኪመለስ ድረስ እንጀራው፣ ጠጁና ሙክቱ ከንጉሡ ግቢ በድርጎ ይላክለት ነበር። በዛሬው ዘመን አመልካቹ ራሱን ለመመገብ የሚበቃ ገንዘብ እንዳለው በባንክ ወረቀት ያስረዳል፤ በዚያን ዘመን ግን ይህ ሸክም የጋባዡ ነበረ። ይህ ልግስና ብቻ እንዳይመስለን፤ ድርጎ የሚበላ እንግዳ ያለ ፈቃድ አይንቀሳቀስምና።

የካፒቴን ሐሪስ ነገር ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምስክር ነው። በ1831 ዓ.ም. ኢዘንበርግና ክራፕፍ የተባሉ ሁለት የወንጌል ሰባኪዎች፣ በ1832 ዓ.ም. ደግሞ ሮሼ ዴሪኩር የተባለ ፈረንሣዊ ወደ ሸዋ መጡ። ንጉሡም ክራፕፍ እየረዳቸው በዔደን ወደ ነበሩት እንግሊዞች የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ በሮሼ እጅ ደግሞ ለፈረንሣይ ንጉሥ ለሉዊ ፊሊፕ ደብዳቤና ገጸ በረከት ላኩ። ከእንግሊዝ ወገን መልስ ሆኖ የመጣው በቦምቤ መንግሥት የተላከው የሐሪስ መልእክት ነበረ። እንግዲህ ሐሪስ የተጋበዘ እንግዳ ነው። በመንገዱም ላይ በሌሊት አደጋ ተጥሎ ከጭፍሮቹ ሦስት ሰዎች ተገድለውበታል። በሐምሌ ወር 1833 ዓ.ም. ፋሬ ሲደርስ ግን ጋባዦቹ ወዲያው እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሉትም፤ የንጉሡ ቃል እስኪመጣ ድረስ በክረምቱ ዝናም ዓልዩ አምባ ላይ እንዲቆይ ሆነ። በመጽሐፉ ውስጥ ስለዚህ መዘግየት የጻፈው በምሬት የተሞላ ነው። እኔ ግን እንደማስበው፣ መድፍና ጠመንጃ ጭኖ፣ የታጠቁ ወታደሮች አስከትሎ በሌላ አገር በር ላይ የቆመ ሰው ጥቂት ሳምንት እንዲጠብቅ ቢደረግ የሚያስደንቅ አይደለም። እርሱ በመጣበት መልክ አንድ የሸዋ መልእክተኛ ወደ ቦምቤ ወደብ ቢገባ ኖሮ ስንት ቀን ይቆም እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

በሚቀጥለው ዓመት በ1834 ዓ.ም. ቻርልስ ጆንስተን የተባለ ሐኪም ለብቻው መጥቶ በዓልዩ አምባ ተቀመጠ። መልእክተኛ አልነበረም፤ በዛሬው አነጋገር አገር ጐብኚ ብንለው ይቀላል። በንዳድ ታሞ ከአልጋ ላይ ሳለ ያየውን ሁሉ፣ የገበያውን ሁኔታ፣ የጎረቤቶቹን ኑሮ ጻፈ። ከሁለቱ መጻሕፍት የእርሱን ማንበብ ይበልጥ ያስደስተኛል።

ሐሪስና ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ኅዳር 8 ቀን 1834 ዓ.ም. በአንጎለላ 16 አንቀጽ ያለው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። በውሉ ከተጻፉት ነገሮች መካከል የእንግሊዝ ዜጎች በአገሩ ውስጥና ከአገሩም አልፈው ለመሄድ እንዳይከለከሉ፣ በሸዋም የሞተ እንግዳ ንብረቱ እንዳይወረስ የሚሉ ይገኙባቸዋል። ውሉ በሥራ ላይ ብዙ ፍሬ አላፈራም፤ ሐሪስም በ1835 ዓ.ም. ፍቅሩ ቀዝቅዞ ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት ፈረንሣዮች በሮሼ በኩል የራሳቸውን ውል አገኙ። ቢሆንም የእንግዳ መግባትና መውጣት፣ ከንጉሡ የዕለት ፈቃድ ወጥቶ በጽሑፍ በተቈረጠ አንቀጽ እንዲታይ በሸዋ የተሞከረው በእነዚህ ውሎች ነው።

መውጣት ያልሁት በከንቱ አይደለም። በጥንቱ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ለመጣ እንግዳ ከመግባቱ ይልቅ መውጣቱ ይከብደው ነበር። ፔሮ ዳ ኮቪልያን የተባለው የፖርቱጋል መልእክተኛ በ1486 ዓ.ም. ገደማ ወደ ዓፄ እስክንድር መጥቶ በክብር ተቀበሉት፤ ንጉሡ ሲሞቱ ግን ተከታዮቻቸው ሊያሰናብቱት አልፈቀዱም። ርስት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ ልጆች ወለደ። በ1512 ዓ.ም. ከመልእክተኞቹ ጋራ የመጣው ቄስ አልቫሬስ ሲያገኘው፣ ከአገሩ ከወጣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። እነዚያ መልእክተኞችም ራሳቸው እስከ 1518 ዓ.ም. ድረስ ሳይመለሱ ቆዩ። ክራፕፍ በአንጻሩ በ1834 ዓ.ም. ከሸዋ ወጥቶ በሚቀጥለው ዓመት በታጁራ በኩል ለመመለስ ቢሞክር በሩ ተዘጋበት። ሦስት ዓመት ያህል በሸዋ ተቀምጦ፣ ከንጉሡ ጋራ ተወዳጅቶ፣ ቋንቋውን ተምሮ ሳለ፣ ያ ሁሉ ለሁለተኛ ጊዜ መግቢያ አልሆነውም።

«የመጣህበት ጉዳይ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ደግሞ ስንት ዋጋ እንዳለው ለመረዳት ከአንኮበር ብዙ ሳይርቁ ወደ ልጥ ማረፊያ መውረድ ነው። በ1869 ዓ.ም. የኢጣልያ የጂኦግራፊ ማኅበር የላከው ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ ወደ ሸዋ በመጣ ጊዜ፣ ንጉሥ ምኒልክ ለጥናት ጣቢያ እንዲሆን ይህን ቦታ ሰጡት። አንቲኖሪ በእውነቱ የሊቅ ሰው ነበረ፤ ወፎችና አራዊት እየሰበሰበ ኖሮ በ1874 ዓ.ም. በዚያው ሞቶ ተቀበረ። ነገር ግን ለሊቃውንት የተሰጠው ማረፊያ ለፖለቲካ ሰዎችም ማረፊያ ሆነ። ፒየትሮ አንቶኔሊ በዚህ በኩል መጥቶ ግንቦት 14 ቀን 1875 ዓ.ም. በአንኮበር የንግድ ውል ተዋዋለ፤ የጦር መሣሪያም አቀረበ፤ ከስድስት ዓመት በኋላም በ17ኛው አንቀጽ ምክንያት ወደ ዐድዋ ጦርነት ያደረሰውን የውጫሌን ውል ያዋዋለው ይኸው ሰው ነው። አንዱ ጉዳይ ለሌላው ጉዳይ በር እንደሚከፍት አንኮበር በዐይኗ አይታለች። ስለዚህ የጐብኚ ቪዛና የንግድ ቪዛ ለምን ተለያዩ ብሎ የሚያጕረመርም ሰው ባገኘሁ ቍጥር የልጥ ማረፊያ ታሪክ ይታወሰኛል።

በሩ ሁልጊዜ በእኛ እጅ እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም። የፈረንሣዩ ባለ ቅኔ አርተር ራምቦ ግጥም መጻፉን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ለምኒልክ የሚሸጥ ጠመንጃ ይዞ በ1878 ዓ.ም. ታጁራ ወረደ። የከለከለው ግን የሸዋ ሰው አልነበረም፤ የገዛ አገሩ መንግሥት መሣሪያ ወደ ሸዋ እንዳይገባ አግዶ ስለ ነበረ፣ ለፓሪስ ሚኒስቴር ማመልከቻ እየጻፈ በዚያ ሐሩር አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ቆየ። ሸሪኩ ላባቱ ሞተበት። በ1879 ዓ.ም. አንኮበር ሲደርስ ንጉሡን አላገኛቸውም፤ ሐረርን ይዘው ወደ እንጦጦ ይመለሱ ነበርና ወደዚያው ተከትሎ ሄደ። የሸሪኩ ዕዳ ተቀናንሶ የቀረለትንም ዋጋ በእጁ አልተቀበለም፤ በሐረር እንዲከፈለው በኋላ ራስ ለሆኑት ለደጃዝማች መኰንን የተጻፈ ወረቀት ተሰጠው። በወረቀት የጀመረው ጉዞ በወረቀት አለቀ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ከአንኮበር ሸሸ። ምኒልክ ወደ እንጦጦ፣ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ፣ የባሕሩም መንገድ ወደ ሐረር ዞረ፤ የምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ዓልዩ አምባ የአካባቢ ገበያ ሆና ቀረች። በውጭውም ዓለም ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1913 ዓ.ም. መንግሥታት በፓሪስ ተሰብስበው የፓስፖርትን መልክ አንድ ዐይነት እንዲሆን መከሩ፤ ዛሬ በየኪሳችን ያለው ደብተር መልኩን ያገኘው ከዚያ ጉባኤ ጀምሮ ነው። በእኛም አገር ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ አገር ጐብኚ ቤቱ ተቀምጦ በኢንተርኔት ቪዛ ሊጠይቅ ችሏል። ሐሪስ ዓልዩ አምባ ላይ የጠበቀው የንጉሥ ቃል ዛሬ በኢሜይል ይመጣል።

ወዳጄ ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ ማኅደሩን ከፍቶ የራሱን ችግር አሳየኝ። አያቱ እንደ ወልደ ጻድቅ ያለ በሁለት ቃል የሚጻፍ ስም አላቸው። በፓስፖርቱ ላይ ተያይዞ ሲጻፍ፣ በንግድ ፈቃዱ ትርጕም ላይ ተለያይቶ ስለ ተጻፈ፣ ወረቀቱን የተቀበለው ጸሐፊ «ሁለት ሰው ነህ» ብሎ መልሶታል። የልደቱም ቀን እንደዚሁ ተዛብቶ ነበር። የተወለደው ታኅሣሥ 25 ቀን 1978 ዓ.ም. ሲሆን፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ጃንዩወሪ 3 ቀን 1986 መሆን ሲገባው፣ አንዱ ተርጓሚ ሰባት ብቻ ደምሮ 1985 አድርጎታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት እንደሚደመር የማያውቅ ተርጓሚ ብዙ ሰው ከመንገድ አስቀርቷል። የአንኮበርን ስም እንኳ ሐሪስ «አንኮበር»፣ ጆንስተን «አንኮባር» ብለው ጽፈውታል፤ ከተማዪቱ ግን ቪዛ ስለማትጠይቅ አልተቸገረችም።

በደርግ ዘመን ኢትዮጵያዊ ከአገሩ ለመውጣት ከሚሄድበት አገር ቪዛ ሌላ ከገዛ መንግሥቱ የመውጫ ቪዛ ይጠየቅ እንደ ነበረ ነገርሁት፤ እርሱ ያን ጊዜ ሕፃን ስለ ነበረ አላወቀውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ ማንም ኢትዮጵያዊ በፈለገው ጊዜ ከአገር የመውጣት ነፃነት እንዳለው መደንገጉንም ጨመርሁለት። ጥቂት አሰበና፣ «መውጣቱስ ተፈቅዶልኛል ጋሼ፤ የአያቴን ስም የሚያገጣጥምልኝ ሰው ነው ያጣሁት» አለኝ። ጭጋጉም ከቈላው ተነሥቶ ወደ እኛ ይወጣ ስለ ነበረ ማኅደሩን ከጋቢው ሥር አድርጎ ወደ ጎረቤላ ተመለስን፤ በማግሥቱም ስሙን ለማስተካከል በመጀመሪያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ሄደ።