የጎመን ምንቸትና የደም መርጋት፤ ስለ ቪታሚን ኬ ታሪክ ከሐይቅና ከአምባሰል አንጻር

መስከረም ሲጠባ የጎመን ምንቸት ይወጣ ዘንድ፣ የገንፎ ምንቸት ይገባ ዘንድ በቃል የሚታዘዝበት ልማድ በአገራችን እንዳለ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ነገሩ ጨዋታ ቢመስልም የወራት መቁጠሪያ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ የሚያልቅበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ስለ ሆነ ባላገሩ ከጓሮው የሚቀጥፈውን ጎመን እየቀቀለ ይከርማል። እሸቱ ሲደርስ ግን ያ ምንቸት እንደ ክፉ እንግዳ ይሸኛል። ከዚህ የተነሣ ጎመን የእጦት ምልክት ሆኖ ቀረ። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት እንኳ ልብ ብለን ብንመለከተው የሚያመሰግነው ጤናውን ነው እንጂ ጎመኑን አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንፈልገው ይህ የተናቀ ምንቸት ምን እንደ ያዘ፣ የያዘውም ነገር በውጭ አገር ሊቃውንት እንዴት እንደ ታወቀ፣ ይልቁንም ለእናቲቱ የሚበቃው ነገር ለተወለደው ልጅ ስለ ምን እንደማይደርስ ነው። ለምሳሌ የምንወስደው አገር ሐይቅንና አምባሰልን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ጽፈናል።

የሐይቅ ከተማ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከዚያ ወደ ሰሜን የሚቀጥለው አገር አምባሰል ሲሆን፣ በ1889 የተፈረመው ውል ስሙን ያገኘበት ውጫሌም በዚያው ነው። በሐይቁ ላይ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት መሆኑ የታወቀ ነው። የቅዱሳን ገድሎቻችን ቅጠል በልቶ መኖርን ከትሩፋት ይቆጥሩታል። ስለዚህ በአንድ አገር ውስጥ ያው ጎመን ለመነኵሴው ክብር፣ ለገበሬው ማጣት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። ክርስቲያኑ በዓመት 180 ቀን ያህል ይጾማል፤ በነዚያ ቀናት ጎመኑን በዘይት ይሠራዋል፤ እስላሙ ጎረቤቱ ግን በዚያው ቀን ቅቤ ሊጨምርበት ይችላል። የዘይቱና የቅቤው ነገር ኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ እንዳይዘነጋው እንለምናለን።

ጎመኑ ራሱ የዚህ አገር ተወላጅ ነው። የሩሲያው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን በዞረ ጊዜ፣ አገራችን ለብዙ የሚዘሩ ተክሎች መነሻ ከሆኑት የዓለም ክፍሎች አንዷ እንደ ሆነች ተረድቶ ነበር። የአበሻ ጎመንም ከነዚያ አንዱ ነው። በ1935 ናጋሃሩ ኡ የተባለ በጃፓን ይሠራ የነበረ ሊቅ ይህ ተክል ከሁለት ዘመዶች መዳቀል የተገኘ መሆኑን ገለጠ፤ አንደኛው ሰናፍጭ፣ ሁለተኛው የጥቅል ጎመን ወገን ነው። እናቶቻችን ቅጠሉን ለወጥ፣ ጎመን ዘሩን ወቅጠው ለምጣድ ማሰሻ ሲያደርጉት የኖሩት ይህ ሁሉ ከመጻፉ አስቀድሞ ነው።

በዚያው በ1935 ደግሞ በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ሌላ ነገር ስም አገኘ። ሄንሪክ ዳም የተባለ ሊቅ ከ1929 ጀምሮ ጫጩቶችን ስብ በሌለበት ምግብ እያሳደገ ኮሌስትሮል የተባለውን ነገር ይመረምር ነበር። የፈለገው የስብን ነገር ለማወቅ ነበር፤ ያገኘው ግን ደም ነው። ጫጩቶቹ ከቆዳቸው ሥርና በሥጋቸው ውስጥ ይደሙ ጀመር፤ ደማቸውም ተቀድቶ ሲታይ ቶሎ አይረጋም። ኮሌስትሮል ቢጨመርላቸው አልዳኑም። የድድ መድማትን የሚፈውሰው ቪታሚን ሲ ቢሰጣቸውም አልጠቀማቸውም። የአረንጓዴ ቅጠልና የጉበት ቅባት ሲሰጣቸው ግን መድማቱ ቆመ። ዳም ይህን ገና ያልታወቀ ነገር «ቪታሚን ኬ» አለው፤ ፊደሉን የወሰደው በእርሱ አገርና በጀርመኖች ቋንቋ የደም መርጋት ማለት ከሆነው «ኮአጉላሲዮን» ከሚለው ቃል መጀመሪያ ነው።

በ1939 የቪታሚኑ አሠራር ታወቀ። በአሜሪካ ኤድዋርድ ዶይዚ አንደኛውን ዓይነት አልፋልፋ ከሚባለው የከብት መኖ፣ ሁለተኛውን ከበሰበሰ የዓሣ ዱቄት አወጣ። የመጀመሪያው በቅጠል የሚገኘው ነው፤ ሁለተኛው ጥቃቅን ሕዋሳት የሚሠሩት ነው። ዳምና ዶይዚ የ1943ን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ። ከሣርና ከሸተተ ዓሣ የተገኘ ዕውቀት ለዚህ ክብር መብቃቱ ጎመንን የሚንቁትን ሳያሳፍር አይቀርም።

በዚሁ ጊዜ የነገሩ ሌላው ፊት በከብቶች ታወቀ። በ1920ዎቹ ዓመታት በሰሜን አሜሪካ ላሞች የሻገተ የጣፋጭ ክሎቨር ድርቆሽ እየበሉ ያለ ቍስል እየደሙ ይሞቱ ነበር። በ1933 አንድ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ማዕበል ውስጥ መኪናውን እየነዳ፣ የሞተች ጊደሩንና በወተት ዕቃ የተሞላ የማይረጋ ደም ይዞ ካርል ፖል ሊንክ ወደሚሠራበት ዩኒቨርሲቲ መጣ። ሊንክና ረዳቶቹ ስድስት ዓመት ያህል ደክመው በድርቆሹ ውስጥ ያለውን መርዝ ለዩት። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ለገበያ ቀረበ፤ በ1954 ደግሞ ደም በሥር ውስጥ እንዳይረጋ ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት ሆነ። መርዙም መድኃኒቱም የሚሠራው የቪታሚን ኬን ሥራ በማገድ ነው።

ሥራው ምን እንደ ሆነ በጥልቀት የታወቀው ግን በ1974 ነው። ጉበታችን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ይሠራል፤ ዋነኛው ፕሮትሮምቢን ይባላል። እነዚህ ፕሮቲኖች ካልሲየምን መያዝ ካልቻሉ በቍስሉ ቦታ ሊሰበሰቡ አይችሉም። ቪታሚን ኬ ካልሲየሙን የሚጨብጡበትን ጥፍር ያበቅልላቸዋል ብንል ከእውነቱ አንርቅም። ቪታሚኑ ሲጐድል ፕሮቲኖቹ አይጠፉም፤ ጥፍር የሌላቸው ሆነው በደም ውስጥ ይዞራሉ። በአጥንት ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲንም እንዲሁ በዚህ ቪታሚን ይሠራል።

እንግዲህ ወደ ምንቸቱ እንመለስ። አንድ ወንድ በቀን 120 ማይክሮግራም፣ አንዲት ሴት 90 ማይክሮግራም ቪታሚን ኬ ይበቃቸዋል ተብሎ በ2001 በአሜሪካ ተወስኗል። ከአበሻው ጎመን ጋር የአንድ ወገን የሆነው፣ በአሜሪካ የሚበላው የጎመን ዓይነት ተቀቅሎ ሲለካ በ100 ግራም ውስጥ 400 ማይክሮግራም ያህል ይዞ ተገኝቷል። የባላገር ቤት የሚያቀርበው ጎመን ከ100 ግራም ስለማያንስ፣ በክረምት ጎመን የሚበላው ሰው በዚህ በኩል ሀብታም ነው ማለት ነው። በደጋው በችግር ወራት ተለቅሞ የሚቀቀለው ሳማም አረንጓዴ ቅጠል ስለ ሆነ ከዚሁ ወገን ይቈጠራል።

ነገር ግን ቪታሚኑ በውሃ ሳይሆን በስብ የሚሟሟ ነው። በኔዘርላንድ ተደርጎ በ1996 የታተመ ጥናት የተቀቀለ ስፒናች ለሰዎች አብልቶ ሲለካ፣ ከቅጠሉ ቪታሚን ወደ ሰውነት የገባው በጣም ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ቅቤ ሲጨመርበት ግን ወደ 3 እጥፍ ከፍ አለ። እንግዲህ አንባቢን እንዳይዘነጋ የለመንነው ነገር ይህ ነው። የኑግ ዘይት ወይም ቅቤ ያለበት ጎመን አንድ ነገር ነው፤ ጨው ብቻ የገባበት የድኻ ጎመን ሌላ ነገር ነው። የቤት እመቤት «ጎመን ያለ ዘይት አይጥምም» ስትል የምትናገረው ስለ ጣዕም ነው፤ ሳታውቀው ግን ስለ ደምም ተናግራለች።

በዚህ ላይ ማጋነን እንዳይሆንብን አንድ ነገር እንጨምር። ከ1888 እስከ 1892 በነበረው ክፉ ቀን፣ በ1973ም፣ በ1984ና በ1985ም የወሎ ሰው ያለቀው ቪታሚን ኬ አጥቶ አይደለም፤ እህል አጥቶ ነው። ቅጠል ረሃብን አያስታግስም። የጎመን ምስጋና ረሃብን የሚያቃልል እንዳይመስል እንጠንቀቅ።

ጎመን የሚያስቸግረው ሰውም አለ። በአገራችን በልጅነት ከጕሮሮ ሕመም ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ሰው ስለሚይዝ፣ ከሕሙማኑ አንዳንዶቹ ዋርፋሪን ይወስዳሉ። ሐኪሙ የመድኃኒቱን ልክ የሚወስነው በሽተኛው በሚበላው ምግብ ላይ ተመሥርቶ ነው። ሁዳዴ ገብቶ 55 ቀን ጎመን ሲዘወተር የመድኃኒቱ ኀይል ሊደክም ይችላል፤ ጾሙ ተፈትቶ ምግቡ ሥጋና ቅቤ ሲሆን ደግሞ ያው ልክ ሊበዛና ሊያደማ ይችላል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ጎመንን መተው ሳይሆን አበላሉ እንዳይለዋወጥ ማድረግ፣ ጾም ሲገባና ሲወጣም ለሐኪሙ ነግሮ ደሙን ማስለካት ነው። በሐኪምና በበሽተኛ መካከል የጾም ቀን መቁጠሪያ መነሣት አለበት እንላለን።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደርሰናል። በ1894 የቦስተኑ ሐኪም ቻርልስ ታውንዜንድ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከእምብርት፣ ከአንጀትና ከቆዳ ሥር የሚደሙ 50 ሕፃናትን ጽፎ ነበር። በዚያ ጊዜ ምክንያቱ አልታወቀም። ዛሬ ታውቋል፤ ቪታሚን ኬ ከእናት ወደ ፅንስ በእንግዴ ልጅ በኩል የሚያልፈው እጅግ ጥቂት ነው። ሲወለድም የሕፃኑ አንጀት ቪታሚኑን የሚሠሩት ጥቃቅን ሕዋሳት ገና የሉበትም። የእናት ጡት ወተት በሌላው ሁሉ ተወዳዳሪ የሌለው ምግብ ቢሆንም፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ቪታሚን ኬ ከ1 እስከ 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። እናቲቱ በእርግዝናዋ ክረምቱን ሁሉ ጎመን ብትበላም ለራሷ ይበቃታል እንጂ ለልጇ አይሻገርም። ከወለደችም በኋላ የሚቀርብላት ገንፎና አጥሚት ነው፤ የጎመኑ ምንቸት ከአራስ ቤት ቀድሞውንም ወጥቷል።

በብዙ የኢትዮጵያ ክፍል ለተወለደ ሕፃን ጥሬ ቅቤ የማላስ ልማድ አለ። ቅቤም ቪታሚን ኬ አለው ብሎ የሚከራከር ተማሪ አይጠፋም። ሒሳቡን እናድርገው። በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ የሚገኘው የቅጠሉ ዓይነት ቪታሚን 7 ማይክሮግራም ያህል ነው፤ በጣት ጫፍ የሚላሰው አንድ ግራም ከአንድ ማይክሮግራም በታች ይሆናል። በሐኪም ቤት ለሕፃኑ በጭኑ የሚወጋው 1 ሚሊግራም፣ ማለት 1,000 ማይክሮግራም ነው። ከዚህም ሌላ ቅቤው ሆድን ሊያሳምም፣ የመጀመሪያውንም ጡት ሊያዘገይ ስለሚችል ሐኪሞች አይፈቅዱትም።

የግዝረት ነገር እዚህ ላይ ይነሣል። ክርስቲያኖች ወንድ ልጅን በ8ኛው ቀን ይገዝራሉ፤ በወሎ እስላሞች ዘንድ ግን ከዚያ የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው። የደም መርጋት ኀይል በሕፃኑ ላይ እጅግ የሚቀንሰው ከተወለደ በ2ኛውና በ5ኛው ቀን መካከል ነው። ይህን አይተው ሥርዐቱ የሕክምና ጥበብ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። በእኛ አስተያየት ሃይማኖታዊ ትእዛዝን በቪታሚን ማስረዳት ለሁለቱም አይበጅም። ደግሞም 8ኛው ቀን ከአደጋው ሁሉ ያወጣል ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ቪታሚኑ ሳይሰጠው ጡት ብቻ በሚጠባ ልጅ ላይ ከ2ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ የሚመጣ ሌላ መድማት አለ። በአውሮጳና በእስያ የተደረገው ቈጠራ መርፌውን ካልወሰዱ 100,000 ሕፃናት ከ4 እስከ 7 ያህሉን እንደሚይዝ አመልክቷል። ቍጥሩ ጥቂት ቢመስልም፣ ከነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት የሚደሙት በአንጎላቸው ውስጥ ስለ ሆነ የሚድነው እንኳ አካለ ስንኩል ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በፊት ያለው ምልክት ከአፍንጫ ወይም ከእምብርት ጥቂት ደም መታየት ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ ይህን ያየች እናት ሳትዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ማስተማር ያስፈልጋል።

መድኃኒቱ ከ1939 ጀምሮ በሐኪሞች እጅ አለ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር በ1961 ለተወለደ ሁሉ እንዲሰጥ መክሯል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እንዲሁ፤ በአገራችንም በጤና ድርጅት ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሰጥ ሆኗል። እንግዲህ ጥያቄው የኬሚስትሪ መሆኑ ቀርቶ የመንገድ ሆነ። በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሕዝብና የጤና ዳሰሳ ከተወለዱት በጤና ድርጅት የተወለዱት 26 በመቶ ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 በመቶ ከፍ ብለዋል። በሐይቅ ከተማ ያለች እናት በአስፋልቱ ዳር ናት፤ በአምባሰል ተራሮች ላይ ያለችው ግን ምጥ ሲይዛት ገደሉን መውረድ አለባት። በቤት የተወለደ ልጅ ለክትባት የሚቀጠረው ለወትሮው በ6ኛው ሳምንት ነው። ያ ሌላው መድማት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚደርሰው ከ3ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።