የጎሬ አሮጌ ቤቶችና የእንግዳ ማረፊያ ጉዳይ

ቤትን የሚያፈርሰው ዝናብና ምስጥ ብቻ አይደለም፤ ከሁለቱም አስቀድሞ ሥራ መፍታቱ ነው። ምድጃው የሚጤስ፣ ጣራው ባፈሰሰ ማግስት የሚያስጠግነው ባለቤት ያለው የጭቃ ቤት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሸጋገራል። የተዘጋ ቤት ግን፣ ከድንጋይ የተሠራ እንኳ ቢሆን፣ ጥቂት ክረምቶች ይበቁታል። በኢሉባቦር ከተሞች፣ በተለይም በጎሬ፣ ስለ አሮጌ ቤቶች ዕድሳት የሚያስብ ባለሙያ ከሁሉ በፊት ሊመልሰው የሚገባው ጥያቄ ቤቶቹ ምን ሥራ ነበራቸው? ምን ሥራስ ሊሰጣቸው ይችላል? የሚለው ነው።

የመንገዱና የወንዙ ዘመን

ጎሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የኢሉባቦር ገዥ የነበሩት፣ በኋላም የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነው ሚያዝያ 1903 ዓ.ም. ያረፉት ራስ ተሰማ ናደው መቀመጫቸው እርሷ ነበረች። ይሁን እንጂ ከተማዋን ከተራ የጦር ሰፈርነት ወደ ንግድ ማእከልነት ያሳደጋት የባሮ ወንዝ ነው።

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል የተፈረመው የድንበር ውል፣ በኢታንግ አካባቢ ከ2,000 ሜትር ያልበለጠ የባሮ ዳርቻ ለንግድ ጣቢያ እንዲከራይ ፈቀደ። ጣቢያው ግን በመጨረሻ የተቋቋመው ከኢታንግ ሽቅብ በጋምቤላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የእንፋሎት መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይ፣ በሶባትና በባሮ እየቀዘፉ ጨውና የጥጥ ልብስ አምጥተው ቡና፣ ቆዳና ሰም ይዘው ይመለሱ ጀመር። በጎሬና በጋምቤላ መካከል ያለውን 1,500 ሜትር ያህል ቁልቁለት በቡሬ በኩል የሚወርዱትና የሚወጡት የጭነት እንስሳትና ተሸካሚዎች ነበሩ።

የጎሬን ቤቶች ጠባይ ለመረዳት ግን አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። ባሮ ለመርከብ የሚበቃ ውኃ የሚኖረው በክረምት ወራት ብቻ ነው፤ ሲራራ ነጋዴ የሚጓዘው ደግሞ መንገዱ በሚደርቅበት በበጋ ነው። በመሆኑም ቡናው በበጋ ተጓጉዞ የመርከቡን ወቅት መጠበቅ፣ በክረምት የገባውም ሸቀጥ መንገዱ እስኪደርቅ መቆየት ነበረበት። ዕቃው ሲቆይ ጠባቂው፣ ነጋዴውና አጋሰስ ነጂው አብረው ይቆያሉ። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ከተማ ቤት ማለት መኖሪያ ብቻ ሳይሆን መጋዘንም የእንግዳ ማደሪያም ነው። የውጭ አገር ነጋዴዎችና የእንግሊዝ ቆንስል በጎሬ የተቀመጡትም በዚሁ ንግድ ምክንያት ነው።

ከተማዋ በታሪክ የከበደውን እንግዳ የተቀበለችው በ1928 ዓ.ም. ነው። አዲስ አበባ በጠላት እጅ ልትወድቅ ስትል የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ እንዲዛወር ተወሰነ፤ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴም በእንደራሴነት ወደዚያው ዘለቁ። ኢጣልያኖች ጎሬን የያዙት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነበር።

ሥራ የፈቱ ቤቶች

ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ የጋምቤላ ጣቢያ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የኢሉባቦርም ቡና ፊቱን ከወንዙ ወደ አዲስ አበባ መንገድ አዞረ። የአስተዳደሩ መቀመጫ ደግሞ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ መቱ ተዛወረ። ጎሬ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ወደቧንም መሥሪያ ቤቶቿንም አጣች። ቤቶቿ የተጎዱት በግንበኛ ጉድለት ሳይሆን በዚህ የታሪክ መዞር ነው።

እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈን ቤት ወደ እንግዳ ማረፊያነት መለወጥ ባዕድ ሥራ መስጠት አይደለም፤ የቀድሞ ሥራውን መመለስ ነው። በ1956 ዓ.ም. የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ ቅርስ ለኅብረተሰብ ጠቃሚ ለሆነ ተግባር መዋሉ ጥበቃውን እንደሚያግዝ ገልጾ፣ ተግባሩ ግን የሕንፃውን አቀማመጥና ጌጥ መለወጥ እንደሌለበት አሳስቧል። በአገራችንም ምሳሌ አለ። በሐረር ጁገል የሚገኙ አንዳንድ ነባር የሐረሪ ቤቶች መደባቸውንና የግድግዳ ጌጣቸውን እንደያዙ እንግዳ ያሳድራሉ። በአዲስ አበባ የጣይቱ ሆቴል ጥር 2007 ዓ.ም. ከደረሰበት የእሳት አደጋ ተጠግኖ እንደገና በሩን ከፍቷል።

የመሐንዲሱ ድርሻ

በጎሬ አካባቢ በዓመት የሚዘንበው ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከእንጨት ቋሚና ማገር ተሠርቶ በጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ግድግዳ ይህን ዝናብ የሚቋቋመው በሦስት ነገሮች ነው፤ በድንጋይ መሠረት፣ በሰፊ የጣራ ክፈፍና በበረንዳ። ውኃ ከላይና ከታች ካልነካው ግድግዳው ይተነፍሳል፤ የጠጣውንም እርጥበት ይተፋል። በጎ አድራጊ መስሎ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የሲሚንቶ ልስን ነው። ልስኑ ከውጭ ሲታይ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን በስንጥቁ የገባው ውኃ መውጫ አጥቶ ከውስጥ እንጨቱን ያበሰብሳል። ጉዳቱም የሚታወቀው ግድግዳው ሲያብጥ ነው። ስለዚህ ጭቃን በጭቃ መጠገን፣ ከላይም በኖራ መቀባት ይመረጣል።

የቋሚዎቹ እግር በስብሶ ከተገኘ ቤቱን ማፍረስ አያስፈልግም። ጣራውን በድጋፍ ይዞ የበሰበሰውን ክፍል ብቻ በመቁረጥ በጤነኛ እንጨት መቀጠልና በድንጋይ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። መታጠቢያና መጸዳጃ ቤት በአሮጌው ግድግዳ ውስጥ ከመሸንቆር ይልቅ በጓሮ በኩል ለብቻው ቢሠራ ውኃው ከጭቃው ይርቃል። የዝናብ ውኃ በአሸንዳና በቦይ ከመሠረቱ መራቅ አለበት። ከሁሉ በፊት ግን ቤቱ ተለክቶ፣ ተነድፎና ፎቶግራፍ ተነሥቶ ሊመዘገብ ይገባል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና በቅድሚያ ፈቃድ እንዲያገኝ መደንገጉም የሚዘነጋ አይደለም።

የአካባቢውን ባህል ማክበር ደግሞ በግድግዳ ላይ ጋሻና ጦር መስቀል ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገበው የያዩ የቡና ደን፣ በመቱ አቅራቢያ ያለው የሶር ፏፏቴ፣ በዛፍ ላይ የሚሰቀለው ቀፎና ማሩ፣ በቅቤ የሚቀርበው የኦሮሞ ቡና ቀላ ሁሉ የማረፊያው ሀብት ናቸው። ቡናውን የሚያቀርበውና እንግዳውን የሚመራው የአገሩ ሰው ከሆነ፣ ቤቱ ጣራው ባፈሰሰ ማግስት የሚቆረቆርለት አያጣም።

የሙያው ኃላፊነት የሚፈተነው ባለቤቱ «አፍርሼ ብሎኬት ልሥራበት ወይስ ይጠገን?» ብሎ ሲጠይቅ ነው። መልሱ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ በማይሞላ ጉብኝት ከሆነ፣ የአንድ መንገድና የአንድ ወንዝ ታሪክ አብሮ ይፈርሳል። በቋሚው ሥር ጎንበስ ብሎ የመረመረ መሐንዲስ ግን ብዙውን ጊዜ የበሰበሰው አንድ ክንድ ያህል እንጨት ብቻ መሆኑን ያገኛል።