ከልብስ አጣቢዎች እስከ ደቻቱ፤ ስለ ተግባራዊ ምርምር ታሪክ

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ምሳሌ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም። ነገር ግን ምሳሌው ስለ ነገሥታት ታሪክ ብቻ የተነገረ ይመስለናል እንጂ፥ ልብስ ስለሚያጥብ፥ ወንዝ ስለሚሻገር፥ ወይም ክፍል ገብቶ ስለሚያስተምር ሰው የዕለት ሥራ ጭምር መኾኑን አናስተውልም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው፥ ሥራን የሚያሻሽለው ዕውቀት ብዙ ጊዜ በሠራተኛው ዘንድ አስቀድሞ የሚገኝ መኾኑን፥ ነገር ግን ካልተመዘገበ፥ ካልተፈተነና ወደ ባለቤቶቹ ካልተመለሰ ሕይወት ለማዳን የማይበቃ መኾኑን ነው።

በሥራ ላይ ለሚያጋጥም ችግር፥ በዚያው በሥራው ውስጥ መፍትሔ የሚፈለግበት መንገድ «ተግባራዊ ምርምር» ይባላል። ከጀርመን ወደ አሜሪካ የተሰደደው የሥነ ልቡና ሊቅ ኩርት ሌዊን በ1946 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህ ሥራ በዙር የሚሄድ መኾኑን ገልጿል፤ ይኸውም ማቀድ፥ መሥራት፥ ውጤቱን መመርመር፥ ዕቅዱንም አርሞ እንደ ገና መጀመር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስቲቨን ኮሪ የተባለው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህር፥ አስተማሪዎች የገዛ ሥራቸውን በዚህ ዘዴ እንዲመረምሩ የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተመ። በአገራችንም በ2003 እ.ኤ.አ. ለመምህራን አሠልጣኞች የተጀመረው የከፍተኛ ዲፕሎማ መርሐ ግብር ተግባራዊ ምርምርን ከትምህርቶቹ አንዱ አደረገው። ኾኖም ስሙ በኮሌጆቻችን ሳይለመድ ሥራው በአገራችን ታይቶ ነበር።

የጂጂጋው ተወላጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. የቢልሃርዝያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዐድዋ ሄደው ነበር። የዚህ በሽታ ትል ወደ ሰው ገላ ከመግባቱ በፊት በወንዝ በሚኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፤ ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መተላለፊያ ይቋረጣል። ዶክተሩ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ብዙ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። እንዶድ እናቶቻችን ከሳሙና በፊት ጀምሮ ነጠላና ጋቢ ያነጡበት ፍሬ ነው። በዚያ ወንዝ አጠገብ ብዙ ሰው አልፏል፤ እርሳቸው ግን አይተው ዝም ብለው አላለፉም። ከአጣቢዎቹ አንዲቱን ለምነው የእንዶዱን ዐረፋ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ፤ ቀንድ አውጣዎቹም ሞቱ።

አንድ ጊዜ መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይኾንም። ስለዚህ ነገሩ በቤተ ሙከራ እየተደጋገመ ተፈተነ፤ በ1966 እ.ኤ.አ. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቱት ተቋቋመ፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዐይነቶች እያወዳደሩ ዐይነት 44 የተባለውን ለየት ያለ ኀይለኛ ዘር መረጡ። ከ1969 እስከ 1974 እ.ኤ.አ. በዐድዋ ወንዞች እንዶድ እየተጨመረ ውጤቱ ተመዘገበ። ከትንንሾቹ ሕፃናት በበሽታው የተያዙት ከመቶ 50 የነበሩት ወደ 7 ወረዱ። ዋናው ምስክር የሕፃናቱ ቍጥር ነው፤ በትልልቆቹ ገላ ያለው ትል ከሙከራው በፊት የገባ ሊኾን ይችላልና። ከዚህም በኋላ ዓለም አቀፍ ተቋማት እንዶድን ለመቀበል ብዙ ዓመታት ዘገዩ፤ ኾኖም ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ።

አሁን ከዐድዋው ወንዝ ወደ ራሳችን ወንዝ ልመለስ። ድሬዳዋ በ1902 እ.ኤ.አ. የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የተቈረቈረች ከተማ ስትኾን፥ ከዚራንና መጋላን የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፥ ይነግድበታል፥ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ውሃው የሚመጣው ግን ከደጋው፥ ከደንገጎ በኩል ስለ ኾነ፥ በከተማው ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊወርድ ይችላል። ሽማግሌዎቻችን የደንገጎ ሰማይ ሲጠቍር ከአሸዋው ውጡ እያሉ ሲመክሩን አድገናል።

በ1981 እ.ኤ.አ. ብርቱ ጎርፍ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ወሬው ከዓመት ወደ ዓመት እየደበዘዘ ሄደ፥ ቤቶችም ወደ ወንዙ ዳር ተጠጉ። እኔ ገና ሳልናገር በነበርሁበት ጊዜ፥ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት፥ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፥ በሺሕ የሚቈጠሩትንም ቤት አልባ አደረገ። የሽማግሌዎቹ ምክር ሐሰት አልነበረም፤ ነገር ግን ሌሊት ለተኛ ሰው ሰማይ አይታየውም። ምክሩ ስንት ደቂቃ እንደሚቀር፥ ማን ማንን እንደሚቀሰቅስ አይናገርም። ከዚያ ወዲህ በዳርቻው የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ግንብ ግን ማስተዋልን አይተካም።

ስለዚህ የሽማግሌዎቹን ቃል አክሊሉ የአጣቢዋን ዐረፋ እንደ ፈተኑት ብንፈትነው ምን ይጐዳናል? አንዱ ተማሪ በደንገጎ ዝናቡን ይለካ፤ ሌላው በድልድዩ ላይ ቆሞ ውሃው የደረሰበትን ሰዓትና ከፍታ ይጻፍ። ክረምቱ ሲያልፍ መዝገቡን ከወንዙ ዳር ነዋሪዎች ጋር በአማርኛ፥ በኦሮምኛና በሱማልኛ እናንብበው፤ የማስጠንቀቂያውን መንገድም አብረናቸው እንቍረጥ፤ በሚቀጥለው ክረምት ስሕተታችንን እናርም። አንድ ክረምት ታላቁን ጎርፍ ላያሳየን ይችላል፤ ስለዚህ መዝገቡ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ተማሪዎች መተላለፍ አለበት።

ለዚህ ሥራ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ደብተር፥ ሰዓትና የዝናብ መለኪያ ነው። ከሁሉ በላይ ግን የሚያስፈልገው፥ ወንዙን ከእኛ በፊት ያወቁትን ሰዎች ጠይቆ የሚሉትን መጻፍ ነው። መምህሮቻችንና ጓደኞቼ በዚህ አሳብ ላይ ነቀፋቸውንና ርዳታቸውን እንዲሰጡኝ እለምናለሁ።