የትንፋሽ ጠብታና የመማሪያ ክፍል አየር

ሰው ሲያስል፣ ሲያነጥስ ወይም ሲናገር በመተንፈሻ አካላቱ ግድግዳ ላይ የሚገኘው ስስ ፈሳሽ በአየሩ ግፊት እየተበጣጠሰ በጥቃቅን ጠብታዎች መልክ ይወጣል። ጠብታዎቹ ከወጡ በኋላ ምን ይሆናሉ የሚለው ጥያቄ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲያከራክር ኖሯል፤ የትምህርት ቤት አሠራርንም በቀጥታ ይነካል።

እ.ኤ.አ. በ1897 ጀርመናዊው የንጽሕና አጠባበቅ ሊቅ ካርል ፍሉገ በንግግር ጊዜ እንኳ ሳይቀር ባክቴሪያ የያዙ ጠብታዎች ከአፍ እንደሚወጡ አስረዳ። ከእርሱ በኋላ የተነሡ ብዙ ሐኪሞች ግን ጠብታው ወዲያው መሬት ላይ ያርፋል፣ ስለሆነም ከበሽተኛው ጥቂት መራቅ ይበቃል ወደሚል አስተያየት አዘነበሉ።

በዚህ አስተያየት ውስጥ የጎደለው የትነት ስሌት ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው ጥናት መውደቅንና መድረቅን አነጻጸረ። የጠብታው ስፋት በግማሽ ሲቀንስ የመድረቂያው ጊዜ ወደ ሩብ ያህል ይወርዳል፤ በአንጻሩ ጥቃቅኖቹ የሚወድቁበት ፍጥነትም ወደ ሩብ ስለሚቀንስ በአየር ላይ የሚቆዩበት ጊዜ አራት እጥፍ ይሆናል። በዌልስ ስሌት ወሰኑ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ከ2 ሜትር ከፍታ ቢነሣ ሳይደርቅ መሬት ይደርሳል፤ የሚያንሰው ግን ውሃው ይተንና ጨውን፣ አንዳንዴም ሕያው ተሕዋስያንን የያዘው ቅሪት በአየር ላይ ይንሳፈፋል።

ዌልስና ባለቤቱ ሚልድረድ ሐሳቡን በፊላዴልፊያ አካባቢ ባሉ ትምህርት ቤቶች ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ1941 ኩፍኝ በተነሣ ጊዜ አየራቸው በአልትራቫዮሌት ጨረር ይጸዳ በነበሩት ክፍሎች ሕመሙ በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ ሥፍራ ሲደግሙት ውጤቱ ደካማ ሆነ፤ ልጆቹ በአውቶቡስና ከትምህርት ቤት ውጭም ይገናኙ ነበርና። በዚህ ምክንያት ሐሳቡ ብዙ ተከታይ ሳያገኝ ቆየ።

እ.ኤ.አ. በ1974 በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ከአንዲት የኩፍኝ ሕመምተኛ ተማሪ በ14 ክፍሎች የሚማሩ 28 ልጆች ተያዙ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከእርሷ ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጠው አያውቁም፤ ያገናኛቸው የሕንፃው ማናፈሻ መልሶ መላልሶ ያዘዋውረው የነበረው አየር ነው። ይህም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ኮቪድ-19 በአየር አይተላለፍም ብሎ አስታወቀ፤ በ2021 ግን አየር አንዱ የመተላለፊያ መንገድ መሆኑን ተቀበለ።

ከዚህ ታሪክ ለትምህርት ቤት ዕቅድ የሚገኘው ቁም ነገር ግልጽ ነው። ወንበሮችን ማራራቅ ቶሎ ከሚወድቀው ጠብታ ይጠብቃል፤ ደርቆ የሚንሳፈፈው ግን የተቀመጠበትን ሥፍራ አይለይም። ስለሆነም የመስኮቶች ስፋትና አቀማመጥ ሲወሰን ከብርሃኑ ጋር የአየሩ መለዋወጥም አብሮ ሊታሰብበት ይገባል፤ የተሠራው መስኮትም በትምህርት ሰዓት ሊከፈት የሚችል መሆን አለበት።