የካንሰር ሕመምተኛ ሌሊት

የካንሰር ሕመምተኛ እንቅልፍ ማጣት ለረጅም ዘመን ከበሽታው የማይለይ ዕዳ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በብዙ የአውሮፓ ሆስፒታሎች ሞርፊን የሚሰጠው ሥቃዩ በርትቶ ሕመምተኛው ሲጣራ ነበር፤ ሱስ ያስይዛል የሚለው ፍርሃት የሐኪሙን እጅ ይዞት ነበርና። የመድኃኒቱም ኃይል በአራት ሰዓት ገደማ ስለሚያልቅ፣ ሕመምተኛው በእኩለ ሌሊት ነቅቶ ነርስ እስክትደርስለት ይጠብቃል።

ይህን ልማድ ከለወጡት ቀዳሚዋ ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ ናቸው። በነርስነትና በሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛነት ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 የሕክምና ትምህርታቸውን ፈጸሙ። ቀደም ሲል በለንደኑ የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል በበጎ ፈቃድ ሲሠሩ፣ ማስታገሻው ሥቃዩ ሳይመለስ በየሰዓቱ ተወስኖ በአፍ ሲሰጥ ተመልክተው ነበር። ይህንኑ ሥርዓት ከ1958 ጀምሮ ወደ ቅዱስ ዮሴፍ ሆስፒስ አስገቡት፤ በ1967 የተከፈተው የቅዱስ ክርስቶፈር ሆስፒስም የዘዴው ማስተማሪያና መመራመሪያ ሆነ።

የዓለም የጤና ድርጅት በ1986 ያወጣው የካንሰር ሕመም ማስታገሻ መመሪያ መድኃኒቱ በአፍ፣ በሰዓቱና በደረጃው እንዲሰጥ መከረ። ከግቦቹም የመጀመሪያ ያደረገው ሕመምተኛው ያለሥቃይ የሚተኛበትን ሰዓት ማብዛት ነው፤ በዕረፍትና በእንቅስቃሴ ጊዜ የሚሰማውን ሕመም ማስታገስ ከዚያ ይከተላል። እንቅልፍ የሕክምናው መለኪያ ሆነ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ሥቃይ የታገሠለት ሁሉ እንቅልፍ አላገኘም። ጭንቀት፣ ወደ ማታ የሚወሰድ ስቴሮይድ፣ በሆርሞን ሕክምና የሚመጣ የሌሊት ሙቀትና ላብ፣ በድካም ምክንያት ቀኑን በአልጋ ላይ ማሳለፍ፣ እያንዳንዳቸው ሌሊቱን ይሰብራሉ። በ2002 የታተመ የካናዳ ጥናት ከ982 ሕመምተኞች መካከል 31 በመቶ ያህሉ እንቅልፍ የማጣት ችግር እንዳለባቸው አመለከተ። በ2005 ደግሞ በዚያው አገር በጡት ካንሰር በታከሙ ሴቶች ላይ የተደረገ ሙከራ፣ የመነሻ ሰዓትን መወሰን፣ እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ መውረድና አስጨናቂ ሐሳብን መመርመር የመሳሰሉት ልምዶች እንቅልፍን እንደሚያሻሽሉ አሳየ።

ከዚህ ታሪክ ለሙያችን የሚቀረው ትምህርት ግልጽ ነው። ሕመምተኛው ካልተጠየቀ በቀር እንቅልፍ ማጣቱን እንደ ዕጣው ቆጥሮ ዝም ይላል። «እንደምን አደሩ?» ማለት የዘወትር ሰላምታችን ነው፤ በካንሰር ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ግን መልሱ ተሰምቶ በመዝገቡ ላይ ሊጻፍና ምክንያቱ ሊፈለግ ይገባል።