ነባር ላንድሮቨርን ማደስና ማዘመን፦ ከምቾቱ በፊት ሻንሲና ፍሬን

ክረምት ሲገባ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ወደ ገጠር ቀበሌዎች የሚወስዱ ጥርጊያ መንገዶች በጭቃ ይያዛሉ። እንዲህ ባለው መንገድ ላይ አራቱም ጎማዎቻቸው የሚጎትቱ ነባር ላንድሮቨርና ቶዮታ ላንድክሩዘር ዛሬም ተፈላጊ ናቸው። በ2012 ዓ.ም የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ወደ አገር በሚገቡ አሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ይህም በእጅ ያለን ተሽከርካሪ አድሶ መጠቀምን ይበልጥ አስፈላጊ ያደርገዋል። ይሁን እንጂ ባለንብረቱ ገንዘቡን በቅድሚያ ለየትኛው ክፍል ማዋል አለበት የሚለው ጥያቄ የተሳፋሪን ሕይወት የሚነካ ነው።

ለገበሬ የተሠራ ተሽከርካሪ

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የታየው እ.ኤ.አ ኤፕሪል 30 ቀን 1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የእንግሊዙ ሮቨር ኩባንያ መሐንዲስ ሞሪስ ዊልክስ፣ በእርሻው ላይ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፈ የአሜሪካ ጂፕ ይጠቀም ነበር። ተሽከርካሪው በዋናነት ለገበሬ የታሰበ በመሆኑ ከሞተሩ ኃይል ወስዶ የእርሻ መሣሪያዎችን የሚያሽከረክር ተጨማሪ ዘንግ ሊገጠምለት ይችል ነበር። በጊዜው በእንግሊዝ ብረት በኮታ ይታደል ስለነበር አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ።

ላንድሮቨር በኢትዮጵያም የራሱ ታሪክ አለው። ዶናልድ ጆሃንሰን የድንቅነሽን ቅሪተ አካል በሐዳር ባገኘበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ ለአሰሳ የወጣው በላንድሮቨር ነበር። የነባሩ ላንድሮቨር ቀጥተኛ ወራሽ የሆነው የቀድሞው ዲፌንደር ምርት እ.ኤ.አ በጃንዋሪ 2016 ተቋርጧል። ተወዳዳሪው ቶዮታ ላንድክሩዘር 40 ደግሞ እ.ኤ.አ ከ1960 እስከ 1984 የተመረተ ነው።

ምርመራው ከሻንሲ ይጀምራል

የላንድሮቨር አካል አሉሚኒየም በመሆኑ እንደ ብረት አይዝግም። ተሽከርካሪውን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ነው። ውስጡ ክፍት ስለሆነ ጭቃና ውኃ ገብተው ይቀመጡበታል፤ ዝገቱም ከውስጥ ወደ ውጭ ይወጣል። በዚህም ምክንያት ላዩ በቀለም ያማረ ተሽከርካሪ ሻንሲው የተበላ ሊሆን ይችላል። ብረቱን በመዶሻ ቀስ እያሉ መምታት ጥሩ መፈተሻ ነው፤ ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው የደነዘዘ ድምፅ ይሰጣል።

አሉሚኒየምና ብረት በሚገናኙበት ቦታ እርጥበት ሲኖር ሁለቱ ብረታ ብረቶች በኤሌክትሪክ ኬሚካዊ መንገድ ይጎዳዳሉ፤ በቅድሚያ የሚበላውም አሉሚኒየሙ ነው። ስለዚህ አካሉ ተፈትቶ ሲገጠም በመካከሉ ጎማ ወይም ሌላ መለያ ማስገባት ያስፈልጋል። የተበላ ሻንሲ ላይ ላሜራ ለጥፎ ቀለም መቀባት ችግሩን ከመደበቅ አያልፍም። የተጎዳው ክፍል ተቆርጦ ወጥቶ ተመጣጣኝ ውፍረት ባለው ብረት መተካት አለበት።

ፍሬን፦ የቁልቁለቱ ፈተና

ከቡሬ ወደ ነቀምት የሚወስደው መንገድ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። በእንዲህ ያለ ረጅም ቁልቁለት ላይ የነባሩ ላንድሮቨር ድክመት ይጋለጣል። ቀደምት ሞዴሎች በአራቱም ጎማዎች ያላቸው የታምቡር ፍሬን ነው፤ ታምቡር ሙቀትን ቶሎ ስለማያስወጣ በተደጋጋሚ ሲረገጥ የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ከዚህም በላይ የብዙዎቹ የፍሬን ዘይት በአንድ መስመር ብቻ የሚሄድ በመሆኑ፣ አንድ ቱቦ ቢቀደድ የእግር ፍሬኑ በሙሉ ሥራውን ያቆማል።

ስለዚህ ከማዘመኛ ሥራዎች ሁሉ ቀዳሚ ሊሆን የሚገባው የፊት ጎማዎችን ወደ ዲስክ ፍሬን መለወጥ፣ የዘይቱን መስመር ለሁለት መክፈልና የእግር ኃይልን የሚያግዝ ሰርቮ መግጠም ነው። የድሮ የፍሬን ሸራ ሳንባን የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል፣ አቧራውን በኮምፕረሰር ማራገፍ አይገባም፤ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት ይመረጣል።

ሞተር በደጋ አየር

ቱርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ ከኃይሉ 10 በመቶ ያህሉን ያጣል። ቡሬ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ፣ እዚያ የሚሠራ ነባር ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል ማለት ነው። ከ2,700 ሜትር በላይ ወደሆነው ወደ ግሽ ዓባይ ሲወጣ ኪሳራው ይበልጥ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ባለንብረቶች ቱርቦ ያለው የናፍጣ ሞተር መግጠም ሊመርጡ ይችላሉ። ሆኖም ብርቱ ሞተር ለደካማ ሞተር ታስበው በተሠሩት ካምቢዮና የአክሰል ዘንጎች ላይ ጫና ያሳድራል። ሞተር የሚለውጥ ሰው እነዚህን ክፍሎች፣ ራዲያተሩንና ፍሬኑን አብሮ ማጠናከር ይኖርበታል።

ምቾት በልኩ

ኩባንያው ራሱ እ.ኤ.አ በ2018፣ የላንድሮቨርን 70ኛ ዓመት ለማክበር 150 ያገለገሉ ዲፌንደሮችን አድሶ ለሽያጭ አቅርቦ ነበር። የአንዱ መነሻ ዋጋ 150,000 ፓውንድ ነበር። የቆዳ መቀመጫ፣ አውቶማቲክ ካምቢዮና 5 ሊትር ሞተር ተገጥሞላቸዋል። ከምቾቱ ጋር ግን ፍሬኑና ሞላው አብረው እንዲጠናከሩ ተደርጓል።

ለምዕራብ ጎጃም ገጠር የሚሆነው ምቾት ከዚህ ይለያል። ወፍራም ምንጣፍ ጭቃና ውኃ ይዞ ወለሉን ያበላሻል፤ ተነሥቶ የሚታጠብ የጎማ ምንጣፍ ይሻላል። ጥሩ መቀመጫ፣ የደኅንነት ቀበቶ፣ የታደሰ ባሌስትራና ብሩህ የፊት መብራት ለሾፌሩም ለተሳፋሪውም ከቆዳ ልባስ የበለጠ ጥቅም አላቸው።

ማቀዝቀዣ፣ የድምፅ ማጫወቻና ተጨማሪ መብራት ከመግጠም በፊት የኤሌክትሪክ መስመሩ መታደስ አለበት። የድሮው ዲናሞ የሚያመነጨው ኃይል ለእነዚህ አይበቃም፤ ያረጀ ሽቦ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ሲጫን እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። በቀደምት ላንድሮቨሮች ላይ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ ስለሆነ፣ ይህ ሳይረጋገጥ ዘመናዊ ሬዲዮ መግጠም መሣሪያውን ያቃጥላል።

ሰነዱም አብሮ ይታደስ

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪ በየዓመቱ መመርመር አለበት። በሊብሬው ላይ የሰፈሩት የሻንሲና የሞተር ቁጥሮችም ከተሽከርካሪው ጋር መመሳሰል ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ሞተር፣ የአካል ቅርጽ ወይም ቀለም ለመለወጥ ያሰበ ባለንብረት ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ፣ የተገዛውን ሞተር ሕጋዊ ደረሰኝም መያዝ አለበት። ሻንሲ ሲበየድ ቁጥሩ የተቀረጸበት ቦታ እንዳይጠፋ ለበያጁ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል።

የእድሳት በጀት ሲወጣ ቅደም ተከተሉ ሻንሲ፣ ፍሬንና መሪ፣ ጎማ፣ ሞተርና ካምቢዮ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ በመጨረሻም መቀመጫና ቀለም ሊሆን ይገባል። ገንዘቡ መሐል ላይ ቢያልቅ መቀመጫው ያረጀ ተሽከርካሪ እስከ ሚቀጥለው መኸር ሊያገለግል ይችላል፤ ፍሬኑ ያልታደሰ ግን ከጋራዡ መውጣት የለበትም።