ፈቃድ ያልጠየቀው አማርኛ

በደቡብ ሪያድ የሚገኘው መንፉሐ ከእስልምና በፊት የኖረው ዐረባዊ ባለቅኔ የአል አዕሻ አገር ነው። እኛ ግን ሰፈሩን የምናውቀው በስደተኞቻችን ነው። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር መግቢያ መንፉሐ በስደተኞች ላይ በተነሣ ግጭት ሲታመስ፣ ቀጥሎም ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲመለሱ፣ በየፌስቡኩ በገዛ ፊደላችን መጻፍና ማንበብ ተችሎ ነበር። ከዚያ ዐሥራ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ ይህ አይታሰብም። ፊደሉን እዚያ ያደረሱት ትልልቆቹ ኩባንያዎች ናቸው ብሎ የሚያምን ብዙ ነው። የሥራው መዝገብ ግን ደሞዝ ሳይቆረጥላቸው ቀድመው የጀመሩትን ፈቃደኞች ያሳያል።

በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ ኮድ ነበረው። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ለየቋንቋው ፊደል አንድ የጋራ ኮድ የሚመድበው ዩኒኮድ በ1999 ባወጣው 3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ሲያካትት ይህ ግርግር መፍትሔ አገኘ። እነዳንኤል ያዕቆብ የደከሙበት የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽንም ፊደሉን ኮዱ ክፍት ወደሆነው የኮምፒውተር ሥርዓት ወደ ሊኑክስ ለማስገባት ተነሣ። ከሥራዎቹ አንዱ ሜታሲቲ በሚባለው የመስኮት አስተዳዳሪ ላይ ይታያል። ሃቮክ ፔኒንግተን የጀመረው ይህ ፕሮግራም የእያንዳንዱን መስኮት ጠርዝና ርእስ ይሥላል፤ መዝጊያውንና ማሳነሻውንም ያዛል። በ2003 ግኖም የሚባለው የሊኑክስ ገበታ መደበኛ የመስኮት አስተዳዳሪ ሆነ። የአማርኛ ትርጉም ፋይሉ ግን የ2002 ነው። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያቀረበው በ2007 ነው። የዓመታቱ ልዩነት ምክንያት አለው፦ ኩባንያ ገዢ እስኪበዛ ይጠብቃል፤ ኮዱ ክፍት በሆነ ሥራ ግን ተርጓሚው ማንንም ማስፈቀድ አያሻውም።

ሥራው እንከን ነበረበት የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ እውነት ነው። የትርጉም ፋይሉ እንግሊዝኛውን ከላይ፣ አማርኛውን ከታች እያደረገ ይደረደራል። የታችኛው ባዶ ከሆነ እንግሊዝኛው ስለሚወጣ ተጠቃሚው ግማሽ በግማሽ የሆነ ዝርዝር ያያል። በሊኑክስ የአማርኛ ቅንብር ውስጥም ወሮቹ መስከረምና ጥቅምት ሳይሆኑ «ጃንዩወሪ» እና «ፌብሩወሪ» ናቸው፤ ማሽኑ የሚቆጥረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነውና። ሆኖም ይህ ጉድለት በግልጽ የሚታይ፣ ማንም ገብቶ ሊያርመው የሚችል ነው። የተዘጋ ፕሮግራም ስሕተት የሚታረመው ባለቤቱ ሲፈልግ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይጠነክራል፦ መንፉሐ ያለው ሰው በእጁ የያዘው ስልክ እንጂ የሊኑክስ ገበታ አይደለም። ልክ ነው፤ ሜታሲቲ ራሱ እዚያ አልደረሰም። ነገር ግን የአንድሮይድ እምብርት ሊኑክስ ነው፤ በስልኩ ላይ የሚጻፈው «ሰላም»ም በ1999 በተመዘገበው ኮድ ይጓዛል። መስኮቱ ቢቀየርም መሠረቱ አንድ ነው።

ትክክለኛው ድክመት ሌላ ቦታ ነው። ግኖም በ2011 ሦስተኛ ትውልዱን ሲያወጣ ሜታሲቲን መተር በተባለ ሌላ የመስኮት አስተዳዳሪ ተካው። ፕሮግራም በታደሰ ቁጥር አዲስ ዐረፍተ ነገር ይመጣል፤ ተርጓሚው ከደከመ ደግሞ ቋንቋው ወደ ኋላ ይቀራል። ፈቃደኝነት በር ይከፍታል፤ በሩን ከፍቶ ማቆየት ግን ተተኪ ይጠይቃል። ስለዚህ ኮምፒውተር ሳይንስ የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪ ሲመረቅ ከሚጠይቁት ሥራ ውስጥ አንድ የአማርኛ ትርጉም ፋይል መሙላትን ቢጨምሩ፣ ወጪው ከምንም አይቆጠርም፤ ጥቅሙ ግን ስደት ላይ ላለውም አገር ቤት ላለውም ይተርፋል።